ደጃፍ ላይ ያደረ ጠርሙስ

ሮም፣ ጥቅምት 28 ቀን 1987 ዓ.ም.

ለክቡር ጋሼ መብራቱ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደ አባቴ እጅ ነስቼ ሰላም እላለሁ። ጤናዎ እንዴት ነው? እትዬ ለምለምስ ጉልበታቸውን ተሻላቸው? እኔ በእናንተ ጸሎት በሥጋ ደህና ነኝ። «በሥጋ» ያልኩት አውቄ ነው፤ ወደታች ሲያነቡ ይደርሱበታል።

የአባቴ የአጎት ልጅ ብቻ ሆነው ሳለ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ጉለሌ ቤትዎ አስቀምጠው ያስተማሩኝን አልረሳሁም። ዛሬ የምጽፍልዎ ግን ለምስጋና ብቻ አይደለም። ለእናቴ የማልነግረው ጉድ ገጥሞኛል።

እንደሚያውቁት ኤስኲሊኖ በሚባለው ሰፈር አንዲት አሮጊት እየተንከባከብኩ እኖራለሁ። ሲኞራ ማርጀሪ ይባላሉ፤ ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው። እንግሊዛዊት ናቸው። በጦርነቱ ጊዜ መንደራቸው ውስጥ እርሻ ላይ ይሠሩ የነበሩ ጣሊያናዊ ምርኮኛ አግብተው ነው ሮም የገቡት። ባላቸው ሲኞር ኤቶሬ ከሞቱ ዘጠኝ ዓመት ሆነ። ሲኞራ አሁን ብዙ ነገር ይረሳሉ። እኔን አንዳንድ ቀን ዶሪስ ይሉኛል፣ ማን እንደሆነች አላውቅም፤ አንዳንድ ቀን ነርስ ይሉኛል፤ ሁለት ዓመት አብረን ስንኖር በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም። የሆነ ሆኖ ተስማምተን እንኖር ነበር።

መስከረም መጨረሻ ላይ ጠዋት ቆሻሻ ልጥል በሩን ስከፍት፣ ደጃፉ ላይ ባዶ የቲማቲም ጠርሙስ ቆሟል። ታጥቦ ነጽቷል። ውስጡ ተጠቅልሎ በነጭ ክር የታሰረ ወረቀት አለ። ጋሼ፣ ይህን አይቶ የማይደነግጥ የሀገራችን ሰው ይኖራል? ክታብ ነው አልኩ፤ መተት ነው አልኩ። የሰሃን ማጠቢያ ጓንቴን አጥልቄ በፌስታል ቋጠርኩትና፣ ከቤቱ እንዲርቅ ብዬ በትራም አምስት ፌርማታ ሄጄ ጣልኩት። አንድ ሽማግሌ ጣሊያናዊ ጓንቴን አይቶ ሐኪም ቤት የምሠራ መስሎት ወንበር ለቀቀልኝ። ስመለስ ከእንጦጦ ማርያም የያዝኩትን ጠበል ደጃፉ ላይ ረጨሁ። በማግስቱ ሌላ ጠርሙስ ተገኘ። በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ። ይኸው እስከዛሬ አላቋረጠም። አንዱንም ወረቀት አልፈታሁም፤ ማን ይነካዋል?

የጠረጠርኩት ኣስገደትን ነው። ከእኔ በፊት እዚህ ቤት ትሠራ የነበረችው እሷ ናት፤ ቦታውንም የለቀቀችልኝ እሷው ናት። ቆጭቷት ይሆናል ብዬ፣ ሐሙስ በእረፍታችን ቀን ስንገናኝ ሰላምታ ነፍጌያታለሁ።

የባሰው ደግሞ ይሄ ነው። ጠርሙሱ ከመጣ ወዲህ ሲኞራ እህል እምቢ ብለዋል። በየጠዋቱ ተነስተው በሩን ይከፍታሉ፣ ወደ ታች ያያሉ፣ «ኖን ኤ ቬኑቶ» ይላሉ፤ አልመጣም ማለት ነው። ባላቸውን የሚጠብቁ ይመስለኛል። ሻይ ሳቀርብ ይገፉታል። አርባ አንድ ኪሎ ገብተዋል። ሔለን የምትባል ልጃቸው በወር አንዴ ከሚላኖ ትመጣለች፤ ባለፈው ሚዛን ላይ አቁማ አየቻቸውና፣ «ሙሉ፣ እስከ ናታሌ ካልተሻላት ካዛ ዲ ሪፖዞ አስገባታለሁ» አለችኝ። እስከ ፈረንጅ ገና ካልተሻላት የአረጋውያን መኖሪያ ማለቷ ነው። ሲኞራ ከዚህ ቤት ከወጡ እኔም ወጣሁ። መኝታዬ እዚሁ ነው፤ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ፔርሜሶዬ፣ የሚታደሰውም በዚህ ቤት የሥራ ኮንትራቶ ነው። ከዚያም በላይ ሴትዮዋን ወድጃቸዋለሁ። ሰው በማያውቁበት ቦታ ግድግዳ እያዩ እንዲውሉ አልፈልግም።

ለሔለን ስለ መተቱ አልነገርኳትም። ብነግራት እኔንም አብራ ታስገባኛለች። እባክዎ የንስሐ አባትዎን ጠይቀው ምን እንደማደርግ ይጻፉልኝ፤ የሚመጣ ሰው ካገኙም ጠበል ይላኩልኝ። እርስዎ እንግሊዝ አገር ስለኖሩ፣ የፈረንጅ መተት በምን እንደሚከሽፍ ያውቁ ይሆናል ብዬም ነው።

ታዛዥ ልጅዎ ሙሉመቤት


አዲስ አበባ፣ ኅዳር 21 ቀን 1987 ዓ.ም.

ለውድ ልጃችን ለሙሉመቤት፣

ሰላምሽ ይብዛ፤ የሰው አገር ብርድ አይድፈርሽ። እኛ ደህና ነን። ደብዳቤሽን ለለምለም ጮክ ብዬ ሳነብላት ጓንቱ ላይ ስደርስ ሳቄ አላስጨርስ አለኝ። እሷ ግን አልሳቀችም፤ ጠበሉን ቀድታ የሚወስድ መንገደኛ እያፈላለገች ነው።

ልጄ፣ መተት አይደለም። ወረቀቱ ለወተት አመላላሽ የተጻፈ ነው፤ ጠርሙሱንም የሚያስቀምጡት ራሳቸው ሲኞራ ናቸው።

ማተሚያ ቤታችን በ1955 ዓ.ም. የማሽን ጥገና እንድማር ሲልከኝ፣ ከለንደን በባቡር ሦስት ሰዓት በምትርቅ ትንሽ የገበያ ከተማ፣ ሚስስ ዶብሰን የሚባሉ ባልቴት ቤት ተከራይቼ ሁለት ዓመት ኖሬአለሁ። እዚያ አገር ወተት ፍለጋ ሱቅ አይኬድም። ገና ጎሕ ሲቀድ አመላላሹ በባትሪ በምትሄድ ጋሪ እየዞረ በየደጃፉ ያስቀምጣል። ማታ ባዶውን ጠርሙስ አጥበሽ ደጅ ታወጫለሽ። የምትነግሪው ካለሽ ጽፈሽ፣ ጠቅልለሽ፣ አንገቱ ውስጥ ትከቻለሽ። «ነገ አንድ ብቻ።» «ቅዳሜ እንግዳ አለብን፣ ሦስት አድርግልን።» ሰውየውን ፊቱን ሳያዩት ሃያ ዓመት ሲጻጻፉ ይኖራሉ። ሲኞራ የሚጠብቁት ባላቸውን አይደለም፤ ወተታቸውን ነው። አንቺም ደብዳቤያቸውን በየቀኑ በትራም እየወሰድሽ ስትጥዪ ከርመሻል።

አትፈሪ፤ እኔ የባሰ ሠርቻለሁ። በሄድኩ በመጀመሪያው ሳምንት ማልጄ ስወጣ፣ የመንገዱ ደጃፍ ሁሉ ላይ ወተት ቆሟል። ዘበኛ የለው፣ ውሻ የለው። ሌባ ሳይቀድመኝ ብዬ የአሥራ አንድ ቤት ወተት ሰብስቤ ሚስስ ዶብሰን ኩሽና ውስጥ ደረደርኩና ምስጋናዬን መጠበቅ ጀመርኩ። ሴትዮዋ ወንበር ይዘው እስኪቀመጡ ድረስ ሳቁ። ከዚያ ካፖርታቸውን ደርበው ከእኔ ጋር በር ለበር እየዞርን መለስን። በዚያች ጠዋት የመንገዱን ሰው ሁሉ ተዋወቅሁ። ከዚያ በኋላ ስሜን የማያውቅ አልነበረም፤ ሚስተር መብራቱ፣ ወተት ጠባቂው።

ስንቱን አስታወስሽኝ። ትንንሽ ወፎች ብርማውን ክዳን በመንቁራቸው እየበሱ ከላይ የሚንሳፈፈውን ቅባት ይጠጡ ነበር። በዚያ ዓመት ክረምቱ ከመበርታቱ የተነሳ ወተቱ በረዶ ሆኖ ከጠርሙሱ ወጣና ክዳኑን እንደ ቆብ ደፍቶ ቆመ። ሰኞ የልብስ ማጠቢያ ቀን ነው፤ ሰኞ ልብስ ያላሰጣች ሴት ታማ ይሆናል ተብሎ ሊጠይቋት ይሄዳሉ። የሚስስ ዶብሰን ሳሎን ለእንግዳ ብቻ የተጠበቀ ስለነበር በሁለት ዓመት ውስጥ የገባሁበት አራት ጊዜ ነው። ዓርብ ማታ የተጠበሰ ዓሣና ድንች በጋዜጣ ተጠቅልሎ ይመጣል። ጋዜጣው እኔ በምማርበት ማተሚያ ቤት ያተምነው ስለሆነ፣ ቀለሙ ዓሣው ላይ ከለቀቀ እኔ አፍር ነበር።

አሁን የምልሽን አድርጊ። ሲነጋ ጠርሙሱን አንሺ፣ ወረቀቱን አውጪና ወተት ሙዪበት። አፉን በብርማ ወረቀት ሸፍነሽ መሃሉን በአውራ ጣትሽ ጫን አድርጊው። ስታስቀምጪው ድንጋዩ ላይ ቀጭ ይበል፤ ሳይሰማ የሚመጣ ወተት የለም። ከዚያ ዞር በዪ።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። የማንበቢያ መነጽሬ ተሰብሮብኛል፤ ሁለት ተኩል የሚል ካገኘሽ በሰው ላኪልኝ።

የሚወድሽ አጎትሽ መብራቱ


ሮም፣ ታኅሣሥ 24 ቀን 1987 ዓ.ም.

ለጋሼ መብራቱ፣

እግዚአብሔር ዕድሜ ከጤና ይስጥልኝ። ዛሬ ሰላምታውን አላበዛም፤ የሆነውን ለመንገር ቸኩያለሁ።

ደብዳቤዎ ረቡዕ ደረሰኝ። ጓዳ ገብቼ ባይ፣ ያጠራቀምናቸው ባዶ የቲማቲም ጠርሙሶች ለካ እየጎደሉ ኖሯል። ሐሙስ ገና ሲነጋ ጠርሙሱን አነሳሁ። ጓንት አላጠለቅሁም። ክሩን ፈታሁ። ጽሕፈቱ እንግሊዝኛ ሆኖ፣ እርስ በርሱ የተያያዘና የተጠላለፈ ነው፤ ከቁጥር 1 በቀር የለየሁት የለም። ያሉኝን ሁሉ አደረግሁ። ድንጋዩ ላይ ቀጭ አደረግሁትና ኩሽና ገብቼ ቆምኩ።

በሩ ተከፈተ። ከዚያ ሲኞራ ጠርሙሱን በሁለት እጃቸው ይዘው መጡና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። «ኤ ቬኑቶ» አሉኝ። መጣ። ሻዩን ራሳቸው ቀዱ፤ መጀመሪያ ወተቱን፣ በላዩ ሻዩን። ሁለት ቁራጭ ዳቦ በሉና ሦስተኛ ጠየቁ። እኔ ወደ ምድጃው ዞሬ አለቀስኩ።

ሔለን ለናታሌ መጥታ ሚዛን ላይ ስታቆማቸው አርባ አራት ኪሎ ሆኑ። ሚዛኑ ተበላሽቷል ብላ ራሷ ወጥታ አየችው። «ቫ ቤኔ፣ እሺ፣ እስከ ፋሲካ እንይ» ብላ ሄደች። እንግዲህ እስከ ፋሲካ ቤታችን አለን። እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ጋሼ። ይህን ያደረጉልኝ እርስዎ ነዎት።

ኣስገደት ጋ፣ የምትኖርበት ሰፈር ቶር ፒኛታራ ድረስ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኋት። የጠረጠርኩትን ስነግራት፣ «አንቺ፣ እኔ መተት ብችል ኖሮ ፔርሜሶዬን አላሳድስበትም ነበር?» አለችኝ። ከዚያ አቅፋ ሳመችኝ። ፓስታ ሠርታ ካላበላሁሽ ብላ አስቀረችኝ።

የጻፉልኝን በጣሊያንኛ ለሲኞራ እየነገርኳቸው ነው። የወፎቹን ሳወራ፣ ራሳቸው ላይ ሰማያዊ ነበሩ ብለው አረሙኝ። ሰኞ አጥባለሁ ብለው ተነስተው መሃረቦቻቸውን አጥበው አሰጡ። ስለዚህ ጠበሉ ይቅርና ወሬ ይላኩልኝ። የሚያስታውሱትን ሁሉ፣ ትንሹንም።

አንድ ነገር ግን ያስጨንቀኛል። ወተት አመላላሽ መስዬ ማታለሌ ኃጢአት ይሆን? ሦስት ወረቀቶችም በዚህ ውስጥ አሉ። ምን እንደሚሉ አንብበው ይጻፉልኝ። እዚህ ለማንም ላስነብብ አልፈለግሁም፤ ሔለን ብትሰማ እናቴ ለየላት ትላለች። ደግሞም የሰው ደብዳቤ ነው። መነጽሩን መዓዛ የምትባል ጓደኛዬ ለገና ስትገባ ታመጣልዎታለች።

ሙሉመቤት


አዲስ አበባ፣ የካቲት 18 ቀን 1987 ዓ.ም.

ለልጃችን ለሙሉመቤት፣

አምላክ ከክፉ ይሰውርሽ። መልሱ ስለዘገየ አትቀየሚኝ። እጄን ትንሽ አሞኛል፤ እኔ እየነገርኳት ለምለም ትጽፍልኛለች። መነጽሩ ደርሶኛል፤ ተባረኪ። ምናልባት ሦስት ተኩል ቢሆን ይሻል ይሆናል። ካልተገኘ ተይው። ወረቀቶቹም በደህና ገብተዋል። ሰፋ ባለ ጊዜ አነባቸዋለሁ።

ስለ ኃጢአቱ ጠይቀሽኛል። ወተቱ እውነተኛ ወተት ነው፣ በሰዓቱም ይደርሳል፤ ውሸቱ የቱ ጋ እንደሆነ አልታየኝም። ይልቅ ለተጻፈ ደብዳቤ መልስ አለመስጠት ነው ኃጢአቱ። ይህን የምልሽ ስለሠራሁት ነው። ሚስስ ዶብሰን ስለያቸው «ጻፍልኝ» ብለው ነበር። በየዓመቱ ለገና ካርድ ይልኩልኛል፣ እኔም እመልሳለሁ። በኋላ ዘመኑ ተለወጠና ከውጭ ደብዳቤ የሚመጣለት ሰው በክፉ ይታይ ጀመር። ካርዶቻቸውን የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ደበቅኋቸው እንጂ መልስ መጻፍ ተውኩ። እሳቸው ግን ሳይሰለቹ አምስት ዓመት ላኩ። ከዚያ ቀረ። ያኔ ፈርቼ ነበር። በኋላ ፍርሃቱ ሲያልፍ ደግሞ አፈርኩ፤ እስከዛሬም አፍራለሁ።

ለሲኞራ ይህን ንገሪያቸው። እዚያ አገር የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ውስጥ ሰዎች ያዋጡት አሮጌ ልብስና ዕቃ በርካሽ ይሸጣል፤ ገቢው ለጣራ ማደሻ ነው። በዚያ ብርድ ጊዜ ከዚያ አንድ ወፍራም ጥቁር ካፖርት ገዛሁ። በሳምንቱ አውቶቡስ ስጠብቅ አንዲት ሴት ትኩር ብላ ታየኛለች። ጥቁር ሰው አይታ ስለማታውቅ ነው ብዬ ፊቴን አዞርኩ። ቀረበችና የአንገቱን ቁልፍ ቆለፈችልኝ። «እሱም ይቺን ሁልጊዜ ይረሳት ነበር» አለች። ካፖርቱ የሞተው ባሏ ነበር። ከዚያ ወዲያ አገሬ እስክመለስ በዚያ መንገድ ሳልፍ ያንን ቁልፍ ረስቼ አላውቅም።

አሁን ለምለም ጉልበቷን አሟት መጻፍ በቃኝ ብላለች። በርቺ።

አጎትሽ መብራቱ


ሮም፣ መጋቢት 21 ቀን 1987 ዓ.ም.

ለምወድዎ ለጋሼ መብራቱ፣

እንደምን ሰነበቱ? መልካም ዜና አለኝ፤ ግን በዚያ አልጀምርም። መነጽሩ ከሁለት ተኩል ወደ ሦስት ተኩል ተሻገረ። የመጨረሻው ደብዳቤ በእትዬ ለምለም እጅ ተጻፈ። የላክኋቸው ወረቀቶችም ሦስት መስመር እንኳ የማይሞሉ ሆነው ሳለ ሳይነበቡ ቀሩ። ጋሼ፣ የታመመው እጅዎ ነው? እውነቱን ይንገሩኝ። እኔ የመተቱን ጉድ ሳልደብቅ ነግሬዎት የለም?

አሁን ዜናውን ልንገርዎ። የካፖርቱን ታሪክ ለሲኞራ ነገርኳቸው። ሰምተው ሲያበቁ ከወንበራቸው ተነሱ፣ መጡና የሹራቤን ቁልፍ እስከ አንገቴ ቆለፉልኝ። ከዚያ ተመልሰው ተቀመጡ።

ከጥር አጋማሽ ጀምሮ ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር 2 ሆኗል። ጽሑፉም ረዘም ብሏል። ሲኞር ኤቶሬ በሕይወት ያሉ መስሏቸው ነው ብዬ አዘንኩ፤ ግን የታዘዝኩትን ሁለት አስቀምጣለሁ። ሁለተኛውን የሚጠጣው ሰው ስለሌለ እኔው እጠጣዋለሁ። ሲኞራ ስጠጣ እያዩኝ ፈገግ ይላሉ። ከእነዚህም ሁለቱን ልኬያለሁ።

ባለፈው ሳምንት ጠርሙሶቹን ይዤ ደጃፉ ላይ ጎንበስ እንዳልኩ ደረጃው ላይ የጫማ ድምፅ ሰማሁ። ሔለን ናት፤ ሳትነግረኝ በጠዋቱ ደርሳለች።

«ሙሉ፣ ምን እየሠራሽ ነው?»

ሌላ ማለት አልቻልኩም። «ወተት አመላላሹ እኔ ነኝ» አልኳት።

ሁሉንም ነገርኳት። ኩሽና ገብተን ጎን ለጎን ቆምን፤ አበቃልን አልኩ። ሲኞራ ወጥተው ሁለቱን ጠርሙስ ይዘው ገቡ። ሔለንን ሲያዩ አልደነቃቸውም። ሦስት ስኒ አወጡ፣ ወተቱን ቀድመው ሻዩን በላዩ ቀዱና፣ «ዛሬ በሰዓቱ ነው የመጣው» አሏት። ሔለን ጠጣች።

ስትሄድ በሩ ላይ ቆማ፣ «ሚዛኑን ጣይው። ማማ ከዚህ ቤት አትወጣም» አለችኝ። ያንኑ ዕለት ኮንትራቶውን ለአንድ ዓመት ፈረመችልኝ፤ በሱም ፔርሜሶዬ ይታደሳል። ጋሼ፣ ውለታዎን በምን እከፍላለሁ? አሁን የቀረኝ የእርስዎ ሐሳብ ብቻ ነው። ይጻፉልኝ።

ሙሉመቤት


ሮም፣ ግንቦት 26 ቀን 1987 ዓ.ም.

ለጋሼ መብራቱ፣

መልስ ሳይመጣልኝ ሁለተኛ መጻፌ ነው። ደህና መሆንዎን እየለመንኩ እጽፋለሁ።

ሲኞራ ማርጀሪ አረፉ። ግንቦት 11 ቀን ነው። ጠዋት እንደወትሮው ጠርሙሶቹን አነሳሁ፤ ወረቀቱን ሳልፈታ ሽርጥ ኪሴ ከተትኩ። ሁለት ወተት አስቀመጥኩ፤ ድንጋዩ ላይ ቀጭ አደረግኋቸው። ኩሽና ቆሜ የበሩን መከፈት ጠበቅሁ። ሻዩ ቀዘቀዘ። ስገባ እጃቸውን ጉንጫቸው ሥር አድርገው ተኝተዋል። ለረጅም ጊዜ አጠገባቸው ተቀመጥኩ፤ ከዚያ ነው ለሔለን የደወልኩት። በገዛ አልጋቸው፣ በገዛ ቤታቸው ሞቱ። ለዚህ እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ፤ ቀጥሎ እርስዎን።

አሁን ቶር ፒኛታራ ኣስገደት ጋ ነው ያለሁት። «ክፍሌ ጠባብ ነው፣ ግን አንቺም ቀጭን ነሽ» ብላ አስገባችኝ። ሔለን ለወዳጇ ነግራልኝ ከሰኔ ጀምሮ ሌላ ቤት እገባለሁ። ፔርሜሶዬም ገና ጊዜ አለው። ስለዚህ ስለኔ አይስጉ።

አንድ ነገር ግን ውስጤን ይበላኛል። ሁለት ዓመት ተኩል አጥቤአቸዋለሁ፣ አብልቻቸዋለሁ፣ ፀጉራቸውን አበጥሬአለሁ። ዶሪስ አሉኝ፣ ነርስ አሉኝ። አንድ ቀን እንኳ ማን እንደሆንኩ አውቀው ነበር? በሐዘኑ ላይ ሰው ሁሉ ትዝታውን ሲያወራ፣ እኔ በሳቸው ትዝታ ውስጥ ይኑር አይኑር የማላውቅ ሰው ሆኜ ጥግ ተቀመጥኩ። ይህ መጠየቅ ያለበት ነገር እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ለእርስዎ ግን አልደብቅም።

የመጨረሻውን ወረቀት እንደታሰረ ልኬዋለሁ። ያኔ በፍርሃት አልፈታ ያለኝ ክር፣ አሁን ደግሞ በሐዘን አልፈታ አለኝ። ካልቻሉም በሌላ ሰው ያስነብቡት፤ አልቀየምም።

ሙሉመቤት


አዲስ አበባ፣ ሐምሌ 19 ቀን 1987 ዓ.ም.

ለልጄ ለሙሉመቤት፣

እግዚአብሔር ያጽናሽ፤ የሲኞራንም ነፍስ በአብርሃም አጠገብ ያኑር። ይህን የምጽፍልሽ በገዛ እጄ ነው። ፊደሌ የተለቀው እንደገና መጻፍ ገና ስላልለመድኩ ነው፤ ቀስ በቀስ ይስተካከላል።

እጄ ታሞ አያውቅም። ሁለቱንም ዓይኔን ሞራ ጋርዶኝ ነበር። ያንቺን ፊደል ስለለመድኩት በግምት አነበው ነበር፤ የሲኞራን ግን ጭረቱን እንኳ አላየሁትም። ለምለም ጎረቤታችን ያለው አስተማሪ ያንብብልህ ብላ ለመነችኝ፤ እምቢ አልኩ። የጽሕፈቱን ዓይነት አውቀዋለሁ፤ ሚስስ ዶብሰን ካርዳቸውን የሚጽፉበት ያው የትምህርት ቤት ጽሕፈት ነው። ለእሳቸው መልስ ሳልሰጥ ቀርቻለሁ፤ እነዚህን ራሴ አንብቤ ራሴ ካልመለስኩ ብዬ ግትር አልኩ። ኦፕራሲዮኑን ደግሞ ፈራሁት። የሞታቸውን ዜና ለምለም አንብባ ጥያቄሽ ላይ ስትደርስ ወረቀቱን አስቀመጠችው። በማግስቱ ሐኪም ቤት ውሰጂኝ አልኳት። ፋሻው ከተፈታ በኋላ መጀመሪያ ያየሁት የለምለምን ፊት ነው፤ መጀመሪያ ያነበብኩት እነዚህን ወረቀቶች ነው። በሕይወት ሳሉ ልነግርሽ ይገባኝ ነበር። ስለዘገየሁ ይቅር በዪኝ።

የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ አጫጭር ናቸው። «እባክህ አንድ ብቻ። ለምን እንደቀረህብን አላውቅም፤ መንገድህ ተለውጦ ይሆን?» ይላል አንዱ። ሁለተኛው፣ «ትናንት ስለመጣህ አመሰግናለሁ። አንድ።» ሦስተኛው፣ «አንድ። ክዳኑ ላይ ያለው አውራ ጣት ያንተ ነው? ደስ ይላል።»

ቁጥር 2 ያለባቸው ሁለቱ ደግሞ እንዲህ ይላሉ። «ከነገ ጀምሮ ሁለት አድርግልን። ከሩቅ አገር የመጣች ልጅ አብራኝ ትኖራለች። ከእኔ ቀድማ ትነሳለች፣ ለራሷ ግን ምንም አትወስድም።» የሚቀጥለው፣ «ሁለት፣ አመሰግናለሁ። እየጠጣች ነው። ጉንጯ መለስ ብሏል።»

እንግዲህ ሲኞር ኤቶሬ አልነበሩም። ሁለተኛው ጠርሙስ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያንቺ ነው። የሚጠጣው የለም ብለሽ ስትጠጪው የከረምሽው፣ ላንቺ ተብሎ የታዘዘውን ነው።

ትናንት ሚስስ ዶብሰን በነበሩበት አድራሻ ደብዳቤ ላክሁ። የሚቀበለው ሰው ይኑር አይኑር አላውቅም። በሕይወት ካሉ መቶ ሊሞላቸው ነው። እኔ ግን ከሃያ ዓመት በኋላ ጠርሙሴን ደጅ አወጣሁ፤ ልቤም ቀለለኝ። ይህን ያደረግሽልኝ አንቺ ነሽ፤ ስለዚህ ውለታ ብለሽ ዳግመኛ እንዳትጽፊልኝ።

እንደታሰረ የላክሽውን የመጨረሻውን ወረቀት ክሩን ሳልበጥስ ፈታሁት። እንደ ጻፉት አድርጌ ልጻፍልሽ፦

«ሁለት፣ እንደወትሮው። ካልነቃሁ በሩን አታንኳኳ፤ ሙሉ ትቀበልሃለች። የቤቱ ልጅ ናት።»

ስምሽን ከሌላው ፊደል አጉልተው ነው የጻፉት። ስድስቱንም ወረቀቶች መልሼ ልኬልሻለሁ። የመጨረሻውን በራሱ ክር፣ እሳቸው እንዳሰሩት አድርጌ አስሬዋለሁ፤ አሁን አንቺ ፍቺው።

አጎትሽ መብራቱ